ሁለት ሜትር ከሃያ ዘጠኝ

የካቲት 2

ዛሬም አቧራ። መዝገብ ቤት ከገባሁ ስምንት ወር ሞላኝ። ከመስክ አምስት አዲስ ደብተር መጣ። የጠዋቱን ግማሽ በቁጥር ስደረድር፣ ግማሹን ሳስነጥስ ዋልኩ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቀያሽ ነበርኩ። ፀሐይ ላይ፣ በእግሬ፣ መሣሪያ ተሸክሜ። አሁን ቀዩ መደርደሪያ የኔ ነው፣ ሰማያዊው መደርደሪያ የኔ ነው፣ አንድ እግሯ የተሰበረው ወንበርም የኔ ናት። ለምን? ስብሰባ ላይ ኃላፊያችንን «ይህ ሪፖርት ውሸት ነው» ስላልኩት። ውሸት ነበራ! እሱም አልካደም። «አነጋገርሽ ነው» አለኝ። ለአነጋገሬ መዝገብ ቤት... ለውሸቱ ግን ምንም።

ኃላፊያችንን ማኅተም ነው የምንለው። ማኅተሙን እንደ ሰው መሳቢያ ውስጥ አያስቀምጥም፣ ኮት ኪሱ ውስጥ ይዞት ይዞራል። ምሳ እየበላ እንኳ ኪሱን ይዳብሳል። ፊት ለፊት «እርስዎ» እለዋለሁ። እዚህ ግን ደብተሩ የኔ ነው፣ አንተ ብዬዋለሁ።

ባለቤቴ እራት ላይ «ዛሬስ ከማን ተጣላሽ?» አለኝ። ከማንም አልኩት። «አሞሻል እንዴ?» ብሎ ግንባሬን ነካ።

የካቲት 4

እስክሪብቶው ወረቀቱን እየቀደደ ነው የምጽፈው።

ከሥራ ስወጣ አክስቴ ጋ ጎራ አልኩ። ግድግዳዋ ላይ ቀይ ቀለም። የኤክስ ምልክት፣ የሰው ቁመት የሚያህል።

እናቴ ስትሞት አምስት ዓመቴ ነበር። ያሳደገችኝ ይህቺ ሴት ናት። በዚያች የፊት ክፍል፣ በአንድ የስፌት መኪና፣ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች። እኔን ያስተማረኝ ኮሌታና ኪስ ነው። አሁንም የምትተዳደረው በዚያው መኪና ነው። ክፍሉ ከፈረሰ መኪናዋን የት ታቆመዋለች? ከኋላ ያለችው ክፍል አልጋዋንም በመከራ ነው የያዘችው።

«መንገዱ ሊሰፋ ነው አሉ» አለችኝ፣ መርፌ ላይ ክር እየሰካች። «ቤትሽ አንድ ሜትር ከሰማንያ መንገዱ ውስጥ ገብቷል ይላል ወረቀታቸው። በሠላሳ ቀን አፍርሺ አሉኝ። እኔ ምኑም አልገባኝም፤ ቤቱ ከቆመበት ተነቃንቆ አያውቅ።»

«ለምን አልደወልሽልኝም?»

«ትጮኺያለሽ ብዬ ነዋ።»

ጮኽኩ። እንዴት አልጮህ! ከማዶ ጋሼ ምላጭ ብቅ አሉ። ፀጉር አስተካካይ ናቸው፣ ሱቃቸው መንገዱን ተሻግሮ ከአክስቴ በር ትክክል ነው። ሠላሳ ዓመት ጎረቤት። የሳሙና ብሩሻቸውን እንደያዙ «ልጄ ቀስ በይ፣ ደንበኛዬ ደንግጦ ጆሮውን ልቆርጠው ነበር» አሉኝ። አክስቴ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

ወረቀቱን አየሁት። ነጥብ ሰባት፣ የፊት ግድግዳ ጥግ። ኮኦርዲኔቱ፣ ነጥቡ ካርታ ላይ ያለበት ቁጥር፣ እስከ ሴንቲሜትር ተጽፏል። ሲያዩት ያምራል። ግን የሆነ ነገር ልክ አይደለም... ወይስ አክስቴ ስለሆነች ነው ልክ ያልመሰለኝ? ደብተሩ እኔው ጋ ነው። ነገ አየዋለሁ።

የካቲት 5

አገኘሁት! አገኘሁት እንጂ!

ሥራችን ሌላ ምሥጢር የለውም፤ ከሚታወቅ ነጥብ ተነስቶ የማይታወቀውን ማግኘት ነው። ኮረብታው ላይ፣ ከውኃ ታንከሩ አጠገብ፣ አናቱ ላይ የነሐስ ምስማር ያለው የሲሚንቶ ድንጋይ አለ። የሱ ኮኦርዲኔት ይታወቃል። ከሱ እስከ አክስቴ ግድግዳ ስንት ሜትር ነው? በየት አቅጣጫ? ርቀቱ በአቅጣጫው ሳይን ሲባዛ ወደ ምሥራቅ የተሄደው ነው፣ በኮሳይን ሲባዛ ወደ ሰሜን። ድንጋዩ ላይ ይደመራል። አለቀ። ይህን እንቅልፌ ውስጥ እሠራዋለሁ።

ግን ርቀቱ የአግድም መሆን አለበት! ካርታ ተዳፋት አያውቅም። መሰላል ግድግዳ ላይ ሲደገፍ የመሰላሉ ርዝመትና የእግሩ ከግድግዳ መራቅ አንድ ነው? አይደለም። መሰላሉ ይረዝማል።

ደብተሩ ላይ፦ ርቀት 64.20። አቅጣጫ፣ ተጽፏል፣ ወደ ደቡብ ማለት ይቻላል። የከፍታ ልዩነት... ሰረዝ። ሰረዝ! በዚያ ፍየል በሚያንሸራትት ቁልቁለት ላይ ሰረዝ!

ለኪውን ጠራሁት። ነፋሱ ነው የምንለው። ሥራ ሲሰጡት ተቀብሎ ሳይሆን ነጥቆ ነው የሚሄደው።

«ሜትሩን እንዴት ዘረጋችሁት?»

«እንዴት ይዘረጋል? መሬት ላይ ነዋ።»

«ተዳፋቱ ላይ?»

«ታዲያ ሰማይ ላይ ልዘርጋው? መሣሪያው ጥገና ገብቷል፣ ማኅተም ዛሬውኑ አለ፣ በሜትር ለካሁ።»

«ወደ አግድም አልቀየርከውም?»

ጭንቅላቱን አከከ። «ኮምፒውተሩ ይቀይረዋል ብዬ ነው።»

ኮምፒውተሩ! ኮምፒውተሩ ኮረብታውን የት አይቶት ያውቃል? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሏል ይኼ ነው። ልዩነቱ የፈሰሰው የአክስቴ ቤት መሆኑ ነው።

ከድሮ መዝገብ ከፍታውን አወጣሁ። ድንጋዩ ከመንገዱ በ17 ሜትር ከፍ ይላል። ሠራሁት። አግድሙ 61.91 ነው። በሁለት ሜትር ከሃያ ዘጠኝ ተሳስተዋል።

ቤቷ በኮረብታውና በመንገዱ መካከል ነው። ርቀቱ ሲረዝምባቸው ጊዜ ቤቷን በወረቀት ገፍተው መንገድ ውስጥ ጣሏት። በእውነቱ ከመንገዱ 49 ሴንቲሜትር ውጪ ናት። ዓይኔን ግንባር ያርገው፣ ውጪ ናት!

የካቲት 6

ማኅተም ቢሮ ገባሁ። ረጋ ብዬ ልናገር ብዬ ኮሪደሩ ላይ ሦስት ጊዜ ተንፍሻለሁ።

«ደብተር እንድታነቢ ማን ፈቀደልሽ?» አለኝ።

መዝገብ ቤት የወረወርከኝ አንተ! ከደብተር ሌላ ምን ላንብብ? (ይህን አላልኩትም። ያልኩት «ሥራዬ ስለሆነ ነው» ነው። ጥርሴን ነክሼ።)

ስሌቱን ዘረጋሁለት። ወረቀቱን ገለበጠና ባዶውን ጀርባ አየ። ጀርባውን!

«ቤቱ የማን ነው?»

«የአክስቴ።»

ያኔ ፈገግ አለ። ነፋሱም እዚያው ቆሟል። «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» አለ ማኅተም እየሳቀ።

ደሜ ፈላ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ለማንም አንዲት ሴንቲሜትር ሰጥቼ አላውቅም። የገዛ ባለቤቴን እናት አጥር ስለካ እንኳ አንድ ክንድ ከመንገድ ላይ አንስቼባት ሁለት ዓመት አኩርፋኛለች። «የአክስቴ ባትሆን አሥራ ሰባቱ ሜትር ይጠፋል?» አልኩት።

«ማስረጃ አምጪ» አለ። «በእጅሽ ለክተሽ። ምስክርም ይኑር። ዘመድሽ ያልሆነ።» አመጣለሁ ብላ የማታመጣ መስሎታል። አያውቀኝም።

የካቲት 7

ትናንትም ዛሬም እህል አልቀመስኩም። ባለቤቴ «ንዴት ያጠግባል እንዴ?» አለኝ። ያጠግባል።

የካቲት 8፣ እሑድ

ለካን!

ጋሼ ምላጭን ጠየቅኋቸው። ዘመዴ አይደሉም፣ የመንገዱ ሰው ናቸው፣ እጃቸው አይንቀጠቀጥም። እሑድ የገበያ ቀናቸው መሆኑን ረስቼው ነበር። ሁለት ሰው በር ላይ ተሰልፎ እያለ መዝጊያውን ጎትተው ቆለፉ። «ፀጉር ነገም ይበቅላል። ቤት ግን አይበቅልም» አሉ።

እሳቸው የሜትሩን ጫፍ ድንጋዩ ላይ ያዙ። እኔ ወደ ታች ወርጄ ሜትሩን አየር ላይ አግድም አድርጌ ወጠርኩ፣ ከጫፉ ቱንቢ ለቀቅሁ፣ ቱንቢው ባረፈበት ምስማር መታሁ። ከዚያ እሳቸው ምስማሩ ላይ ይወርዳሉ፣ እኔ ደግሞ ወደ ታች። ደረጃ በደረጃ። አሥራ ሦስት ጊዜ።

«ጋሼ፣ ጫፉ እንዳይነቃነቅ።»

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ጉሮሮ ላይ ምላጭ ይዣለሁ። ለምስማር ነው እንዴ የምትሰጊልኝ?»

ሁለት ጊዜ ለካን። አንዱ 61.93፣ ሌላው 61.89። መካከሉ 61.91። ያው! ከስሌቱ ጋር ያው! ቁልቁለቱ መሐል ቆሜ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ለጥንቃቄ ከአክስቴ ግድግዳ እስከ ማዶ ያለውንም ለካን፣ እሱ 10.80 ነው። ሁሉንም ጻፍኩ፣ ጋሼ ምላጭ በምስክርነት ፈረሙ። ፊርማቸው እንደ ፂም የተጠቀለለች ናት።

አክስቴ በደስታ የሳቸውን የሥራ ካፖርት ነጥቃ የተቀደደ ኪሱን በመኪና ሰፋችው። «ይኸው፣ ከነቤቴ አተረፋችሁኝ» አለች። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አሉ እሳቸው።

የካቲት 10

ጉድ ስሙ። ደብዳቤዬን ከነስሌቱ፣ ከነምስክሩ ለማኅተም አስገባሁ። ከሰዓት በኋላ ተመልሶ መጣልኝ። ጥግ ላይ በቀይ ምን ተጽፏል? «ለመዝገብ ቤት፣ ለክትትል።»

መዝገብ ቤት እኮ እኔ ነኝ! ደብዳቤዬን ለራሴ ላከልኝ! ወይ ነዶ... ቁጥር ሰጥቼ ልፋይለው? ለራሴ መልስ ልጻፍ? «ደብዳቤሽ ደርሶኛል፣ በጣም ተቃጥያለሁ» ብዬ?

ነፋሱ በር ላይ ቆሞ ይስቃል። ዓይኔን ሲያይ ግን ሳቁን ዋጠ። «እኔ ተሳስቻለሁ ብዬ ልፈርም?» አለኝ በቀስታ። አልጠበቅሁትም። ፈረመልኝ። ከዚህ ቢሮ አንድ ሰው ተገኘ። ሐሙስ ላይ ቤት፣ ዋና መሐንዲሷ ጋ እወጣለሁ።

የካቲት 12

ዋና መሐንዲሷ ጋ ገባሁ። ሦስት ደቂቃ አልፈጀባቸውም። የከፍታውን ሰረዝ በጣታቸው ነካ አድርገው «ኮረብታ አይደለም እንዴ ይኼ?» አሉ። ስምንት ወር ሙሉ እንደዚህ የሚጠይቅ ሰው ናፍቆኝ ነበር።

«ከዚህ መነሻ ነጥብ ሌላ ምን ተለክቷል?»

«በዚያ በኩል ያለው ሁሉ።»

«እንግዲያው ሁሉም ይስተካከል። ስሌቱን አንቺ ሥሪው፣ ፊርማውም ያንቺ ይሁን። ለአንድ ቤት ብቻ ማረሚያ አልፈርምም።»

እሺ አልኩ። እንዴት አልል! ማኅተም ስልክ ተደወለለት። ፊቱን ማየት ነበር! ለአክስቴ ደወልኩላት፣ «አይፈርስም» አልኳት። «በይ አሁን ብዪ፣ እህል ቅመሺ» አለችኝ። እንዴት አወቀች? ባለቤቴ ነው የነገራት።

ደስ ብሎኛል። ቂም እንዳለው ሰው ደስ ብሎኛል።

የካቲት 13

እንዴት ልጻፈው።

ጠዋት ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ማረም ጀመርኩ። ነጥብ ሰባት፣ አክስቴ። ወጣች። ነጥብ ስምንት፣ ባዶ ቦታ። ነጥብ ዘጠኝ፣ ከአክስቴ ቤት ማዶ ያለ ሱቅ፣ ጥልቀት ሦስት ሜትር።

የጋሼ ምላጭ ሱቅ ነው።

እሳቸውም ከዚያው ድንጋይ፣ በዚያው ቁልቁለት ነው የተለኩት። ከቁልቁለቱ ወዲያ ሜዳ ነው፣ ስሕተቱ ያው ሁለት ሜትር ከሃያ ዘጠኝ። አክስቴን ወደ መንገዱ እንደገፏት ሁሉ እሳቸውን ከመንገዱ አርቀዋቸዋል። በተሳሳተው ወረቀት ስልሳ ሳንቲም ውጪ ነበሩ፣ ስለዚህ ቀይ ምልክት አልተደረገባቸውም። ሲስተካከል... አንድ ሜትር ከስልሳ ዘጠኝ መንገዱ ውስጥ ናቸው።

ሦስት ጊዜ ሠራሁት። አራተኛ ጊዜ ነፋሱን አሠራሁት። ያው።

በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ! መንገዱ 12 ሜትር እንደሆነ ድፍን ቢሮው ያውቃል። በሁለቱ ግድግዳ መካከል ያለው 10.80 ነው፣ በገዛ እጄ ነው እሑድ የለካሁት፣ በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት! አሥራ ሁለት አሥር ከሰማንያ ውስጥ ይገባል? አንዱ መፍረስ እንዳለበት ለማወቅ መቀነስ የሚችል ልጅ ይበቃል። እኔ ግን የአክስቴን ግድግዳ ብቻ አይ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቀያሽ! እፍረት!

የካቲት 15፣ እሑድ

ልነግራቸው ሄድኩ። በር ላይ ስድስት ሰው ተሰልፏል። «ነይ ዛሬ ማንን እንለካለን?» አሉኝ። ሰው በዝቷል ብዬ ተመለስኩ። ሰው ባይኖርም እመለስ ነበር።

የካቲት 16

ማኅተም ራሱ መዝገብ ቤት መጣ! ስምንት ወር እግሩ ያልረገጠበትን። ወንበር ፈለገ፣ የተሰበረችውን ሰጠሁት።

ነጥብ ዘጠኝን ሰምቷል። ድምፁ ማር ሆኗል። «ስሚ፣ ነገር አታብዢ። የአክስትሽን እናርም፣ ሌላው እንደነበረ ይቀመጥ። ማን ያያል? አክስትሽም ተረፈች፣ ሰውየውም ምልክት ሳይደረግበት ሰላሙን ያድራል። አንቺም ወደ መስክ ትመለሻለሽ።»

መጀመሪያ ምን እንዳለ አልገባኝም ነበር። ሲገባኝ ጆሮዬ ጮኸ። ገና አሥር ቀኑ ነው እኮ! ለአክስቴ አድልቻለሁ ብሎ ሰው ፊት ያዋረደኝ ሰው፣ አሁን አድዪ ብሎ ይለምነኛል! የሚያሳፍረው መዋሸቱ ሳይሆን ብቻዬን መዋሸቴ ነበር እንዴ?

አልተፈተንኩም አልልም፣ አንድ ደቂቃ ያህል አሰብኩት። አዎ፣ አሰብኩት። ወረቀቱ ላይ ሁለቱም ይተርፋሉ። አክስቴም፣ ጋሼ ምላጭም። ግን መንገዱ ወረቀት ላይ አይደለም የሚሠራው። ቡልዶዘሩ መጋቢት 4 ይመጣል፣ ልኩን ይዞ ይመጣል፣ ሱቁን ያገኘዋል። ያኔ ጋሼ ምላጭ ደንበኛ እያስተካከሉ ነው የሚደርስባቸው። ያለ ማስታወቂያ፣ ያለ ምትክ ቦታ። መዝገብ ላይ ውጪ ናቸዋ!

«አላደርገውም» አልኩት።

«ኋላ እኔን እንዳትወቅሺ።»

«አንተን መውቀሱን መቼ ጨረስኩና!» አንተ አልኩት። አምልጦኝ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

የካቲት 17

ነገርኳቸው።

ሱቁ ባዶ ነበር። ምላጭ እየጠረጉ ሰሙኝ። ስጨርስ «ስንት ነው ያልሽኝ?» አሉ።

«አንድ ሜትር ከስልሳ ዘጠኝ።»

ከበሩ ተነስተው ወደ ውስጥ በእግራቸው ለኩ። ሁለት እርምጃ ሳይሞላ ወንበሩ ጋ ደረሱ፣ ሰው የሚቀመጥበት ወንበር ጋ። የወንበሩን እጀታ ያዙና ቆሙ።

«እሑድ ለት ስንለካ ታውቂ ነበር?»

«አላውቅም ነበር፣ ጋሼ። አባቴ ይሙት።»

«ብታውቂ ጫፉን ያዙልኝ ብለሽ ትጠሪኝ ነበር?»

ምን ልበል? አልጠራዎትም ነበር ብል፣ ደብቄ እለካ ነበር ማለት ነው። እጠራዎት ነበር ብል፣ ውሸት ሊሆን ይችላል። «እኔ እንጃ» አልኩ። ጭንቅላታቸውን ነቀነቁና ምላጩን መጥረግ ቀጠሉ።

ተሻግሬ ለአክስቴ ነገርኳት። እግሯን ከመኪናው ፔዳል አነሳች። «ታዲያ የኔ ይፍረስ?» አለችኝ። እንዲያ አላልኩም አልኳት። «ምን እያልሽኝ ነው ታዲያ? ሠላሳ ዓመት ደህና ዋልሽ ሲለኝ የኖረ ሰው ነው። ነገ በየት በኩል ልውጣ?» ያለኝ በር አንድ ነው ብላ አለቀሰች። ከተማረችው ልጇ መልስ ጠበቀች። የወደቀውን ክር አንስቼ መኪናው ላይ አስቀመጥኩላት።

የካቲት 20

ለጋሼ ምላጭ ማስታወቂያ ወጣ። እስከ መጋቢት 4 ይልቀቁ ይላል። አሥራ አራት ቀን! ሌላው ሰው ሁሉ ሠላሳ ተሰጥቶት! ስሕተቱ የቢሮው፣ ቅጣቱ የሳቸው! ፈራሚው ማን ነው? ማኅተም። ከኮቱ ኪስ እንደተወለደች ታስታውቃለች ማኅተሟ።

ሩጫ ወደ ላይ። መሐንዲሷ ስብሰባ ላይ ናቸው አሉኝ። በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። ጸሐፊዋ ውኃ ሰጠችኝ፣ መልኬ ሳያስፈራት አልቀረም።

«መስመሩ ወደ ኮረብታው ትንሽ አይጠጋም?» ብዬ ጀመርኩ። ወዲያው ገባኝ። ወደ ኮረብታው ማለት ወደ አክስቴ ማለት ነው። እሳቸውም ገባቸው፣ አላሉኝም። «የፍሳሽ ቱቦው ተቀብሯል፣ አይጠጋም» አሉ ብቻ።

«እንግዲያው ቀኑ። ሠላሳ ቀን የሳቸውም መብት ነው!» ጮኼአለሁ መሰለኝ። ለሠላሳ ቀን ፈረሙ። ምትክ ቦታውንም ጠየቅሁ፣ አውቶቡሱ መዞሪያ ጋ ነው፣ የከተማው ጫፍ። ማን ያውቃቸዋል እዚያ? ሠላሳ ዓመት የሰፈሩን ልጅ የመጀመሪያ ፂም የላጩ ሰው እንደ አዲስ «ፀጉር እንቁረጥ» ብለው ሊጠሩ ነው?

አሥራ ስድስት ቀን ጨመርኩላቸው። ያተረፍኩላቸው ነገር ቢኖር እሱ ነው።

የካቲት 23

ወደ መስክ ተመልሻለሁ። ደብዳቤው ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ። የመጀመሪያው ሥራዬ ነጥብ ዘጠኝ ላይ ምልክት ማድረግ ነው።

ነፋሱ «እኔ ልሂድልሽ» አለ። ልጁ ክፉ አይደለም። አይሆንም አልኩት። ስለካ እኔ፣ ስፈርም እኔ፣ ቀለሙን ሌላ ሰው? ባልዲውንና ብሩሹን ይዤ ሄድኩ።

ጋሼ ምላጭ የአንድ ሰውዬ ግማሽ ፊት ላጭተው ግማሹ ሳሙና ነበር። «ጨርሼ እስክወጣ ጠብቂኝ» አሉ። ጠበቅኋቸው። ሰውዬው ሲወጣ ፊቱን አዙሮብኝ አለፈ።

ብሩሹን ሳነሳ ሰው ተሰበሰበ። ከየት እንደሚመጣ እንጃ፣ ቀለም ሲያይ ሰው ይሰበሰባል። ጥግ ላይ ያለችው ባለ ሱቅ ሴትዮ ጀመረችው። «የአክስቷን ምልክት አጥፍታ እዚህ መጥታ ትቀባለች! የተማረ ይግደለኝ ስንል ይኸው ገደለን!» ሌላው ተቀበላት። «በወረቀት ገፋቻቸው!» «ለዘመዷ ነው!»

ኧረ በሕግ! እኔ! እኔ ገፋሁ? ዞርኩባቸው። ኮረብታውን፣ ድንጋዩን፣ አሥራ ሰባቱን ሜትር፣ የመሰላሉን ነገር፣ ሁሉንም ባንድ ትንፋሽ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ማን ይሰማል? ስለ አግድም ርቀት ማን ይሰማል? የሚያዩት ሌላ ነው፤ ቀይ ቀለም ከአክስቴ ግድግዳ ተነስቶ እሳቸው ግድግዳ ላይ ሲያርፍ ነው። እኔም ብሆን ይህንኑ ነበር የማየው። ከሦስት ሳምንት በፊት ከሁሉም በላይ የምጮኸው እኔ ነበርኩ።

ጋሼ ምላጭ ከሱቃቸው ወጡ። ነጭ ካፖርታቸውን እንደለበሱ።

«ዝም በሉ» አሉ። ጮክ አላሉም። ሰዉ ዝም አለ። «ሜትሩን የያዝኩት እኔ ነኝ። ሁለት ጊዜ ነው የለካነው። ፈርሜበታለሁ። ልክ ነው።»

ባለ ሱቋ ወደ ሱቋ ገባች። ሌላውም አንድ በአንድ ተበተነ። ቀባሁት። አንዱ ሰረዝ፣ ሌላው ሰረዝ።

ስጨርስ «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ከዚያ ሁሉ ሰው አዳኑኝ» አልኳቸው።

ቀለሙን ትንሽ አዩት። «ልክ ነሽ አልኩ» አሉኝ። «ይቅር ብዬሻለሁ አላልኩም።» ገቡና በሩን ገርበብ አደረጉት።

ባልዲውን አንስቼ መንገዱ መሐል ቆምኩ። አክስቴ በሯ ላይ ነበረች፣ ሁሉንም አይታለች። «ነይ ግቢ፣ ልጄ» አለችኝ። አልገባሁም።